በክልክሉ መስክ ላይ የተከልናቸው ችካሎች

ሥጋ የሚበላ ተክል ፍለጋ ልሄድ ነው ስል የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንዱ ከላይኛው አልጋ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ረቡዕና ዓርብስ ምን ይበላል?» አለ። ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣ «ሽሮ ይዘህለት ሂድ፤ እንዳይገድፍ» አለኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን ጫማዬን ከአልጋዬ ሥር አዘጋጅቼ፣ እንዳልዘገይ እየሰጋሁ ነው ያደርሁት።

እውነቱን ለመናገር እኔም የጠበቅሁት አፍና ጥርስ ያለው ነገር ነበር። መምህራችን በክፍል ውስጥ ሲያስረዱን ነው ሐሳቤ የተለወጠው። ይህች ተክል የምትበላው ከመሬት በታች ነው። ከላይ የሚታየው እንደ ክር በቀጠነ ዘንግ ላይ የተቀመጠች፣ ከምስር የማትበልጥ ፈዛዛ ወይን ጠጅ አበባ ብቻ ናት። ከሥሯ፣ ውኃ በጠገበው አፈር ውስጥ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ፊኛዎች ተንጠልጥለዋል። ፊኛው ውኃውን ከሆዱ አስወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ ያደባል። በዓይን የማትታይ ነፍስ በሩ ላይ ያለውን ፀጉር ስትነካ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ውኃውም ነፍሷም ተስበው ይገባሉ፤ በሩ መልሶ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ነው። የአማርኛ ስም አላገኘንላትም። መምህራችን «ፊኛማዋ» ይሏት ስለነበር እኛም እንደዚያው አልናት።

ለእኔ ጉጉት ነበር፤ አብራን ለምትሄደው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ለተመራቂዋ ግን የዓመቷ ጉዳይ። የመመረቂያ ጥናቷ ፊኛማዋ በጉና ተራራ ግርጌ የት የት እንደምትበቅል የሚያሳይ ነበር። አበባዋ የምትታየው ክረምቱ ሲወጣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ተመራቂዋና መምህራችን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ አንድ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ረግረግ ነው የተባለው ቦታ ባሕር ዛፍ ተተክሎበት ደርቆ አግኝተውት። በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ታቦር ስንነሳ መምህራችን ወደ ኋላ ዞር ብለው፣ «ዛሬም ናሙናውን ካላገኘሽ ርዕስ መቀየር ነው» አሏት። በዚያ ሰዓት ርዕስ መቀየር ማለት ከጓደኞቿ ተለይታ ሌላ ዓመት መክረም ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ፣ «እናቴ የምረቃ ቀሚሴን አሰፍታ ጨርሳለች» አለች።

እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። የትምህርት ዘመኑ ተዛብቶ የእኛ ዓመት ወደ መስከረም ተንሸራቶ ስለነበር ግቢ ውስጥ ነበርን፤ ዕቃ ልሸከም ብዬ የለመንሁትም ራሴ ነኝ። መምህራችን የፈቀዱልኝ በጉልበቴ አልነበረም። እሳቸው የመጡት ከደቡብ ነው፤ አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ ቢሆንም ዜማው የአገሩ ዜማ አይደለም። «አንተ የሐሙሲት ገበሬ ልጅ ነህ፤ ከሰው ታግባባናለህ» አሉኝ። በዚህ ንግግር ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልሁ። ተመራቂዋ ግን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ፍሬሽ» ነበር የምትለኝ፤ አዲስ ገቢ ሁሉ በግቢው የሚጠራበት ስም ነው።

ከሚኒባሱ ወርደን ሽቅብ ስንወጣ ጭጋጉ ከጉና ላይ እየወረደ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር በስልክ ፈቅደውልናል፤ ደብዳቤም ይዘናል። ከኮረብታው ጀርባ መስኩ ድንገት ተገለጠ። ዙሪያው ያለው መሬት ከብት ግጦት እንደ ተላጨ ራስ ሆኖ ሳለ፣ መስኩ ላይ ያለው ሣር ግን ከጉልበት በላይ ነው። አጥር የለውም። አንዲት ላም እንኳ አልገባችበትም።

«መምህር፣ ይሄ ክልክል ነው» አልሁ።

በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ሰዉ ተማክሮ አንድ መስክ ክረምቱን ሙሉ ይዘጋል፤ የሚጠብቀው አጥር ሳይሆን የሰው ቃል ነው። በሚከፈትበት ቀን ሁሉም ዕጣ አውጥቶ ድርሻውን ያጭዳል። ከዚያ በፊት የረገጠው ይካሳል።

«ሊቀመንበሩ ፈቅደዋል» አሉ መምህራችን። «ሣር አንነካም። ደግሞ ጊዜ የለንም፤ በዚህ ሰሞን ማታ መኪና እንደማይገኝ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ተመራቂዋም እያየችኝ ነበር። ስለዚህ መዶሻውን አወጣሁ።

የመስኩ መሃል ውኃ ያዘለ ነው፤ ሲረግጡት ይጮኻል። ሥራችን እንዲህ ነበር፦ በአራት ማዕዘን ችካል እንተክላለን፤ ሲባጎ እንወጥራለን፤ ከዚያ በሲባጎው ውስጥ ያለውን በሆዳችን ተኝተን ሣር በሣር እንፈትሻለን። ጭጋግ ውስጥ እንዳይጠፉን በችካሎቹ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ ነበር። በትጋት መታኋቸው፤ መምህራችን እንዲያዩልኝም ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አደረግሁ። አንዱን ክልል ጨርሰን ሌላ፣ እሱን ጨርሰን ሌላ። ጉልበቴ ረጠበ፤ አንድ አልቅት እጄ ላይ ተጣብቆ በጨው አወረድሁት። ፊኛማዋ የለችም። ትንሽ ቢጫ አበባ አይቼ «አገኘሁ!» ብዬ ጮህሁ፤ ተመራቂዋ እየሮጠች መጥታ አየችና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ሳለ ተመራቂዋ ካለችበት ምንም ድምፅ እንደማይመጣ ታወቀኝ። ዞር ስል አገጯ ጭቃው ላይ ደርሶ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንድ ቦታ ላይ ፈዝዛለች። ቀርቤ ተንበረከክሁ። ከቄጠማ ሥር ሁለት ወይን ጠጅ ነጥቦች ቆመው ነበር። በማጉያ መነጽር ስናይ ነጥቦቹ ከንፈር አላቸው፤ ከከንፈሩ ሥርም ወደ ታች የዞረች ቀንድ። በጣቷ ጭቃውን እየገፋች አንዷን ከነሥሯ አወጣችና በትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ከውኃ ጋር አደረገቻት። ክዳኗን ገና እያጠበቀች ነበር።

ጩኸቱን የሰማነው ያኔ ነው።

«ያገር ያለህ! መሬት ለካኪ መጣ! ያገር ያለህ!»

ከላይኛው ተረተር የተነሳውን ድምፅ ከወንዙ ማዶ ሌላ ድምፅ ተቀበለው። ጭጋጉ ውስጥ ሰዎች ወደ እኛ ሲወርዱ ታዩኝ፤ ዱላ የያዙ፣ መኮትኮቻቸውን እንደያዙ ከማሳ የመጡ። መምህራችን ከሩቅ ወደነሱ መራመድ ጀመሩ። ተመራቂዋ ብልቃጧን እጄ ላይ ጣለቻት።

«ፍሬሽ፣ ያዝ። ኪስህ ውስጥ።»

በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ከተትኋት። ሳላስበው ነው፤ እሷ ካለች ብዬ ነው።

ሰዎቹ ደርሰው ከበቡን። «እንዴት ዋላችሁ» አላሉም። በእኛ አገር ሰው ለጠላቱ እንኳ ሰላምታ አይነፍግም፤ ከዱላው ይልቅ ያስፈራኝ ይኼ ነው። ከፊት የቆሙት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ የመስኩ ጠባቂ መሆናቸውን ሰዉ ከሚሰጣቸው ቦታ አወቅሁ።

«እነማን ናችሁ?» አሉ።

መምህራችን ደብዳቤውን አውጥተው ዘረጉ። «ከዩኒቨርሲቲው ነን፣ አባባ። ፈቃድ አለን።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አልተቀበሉም። «የታችኛውን መስክም በወረቀት ነው የወሰዱት። መጀመሪያ ወረቀት መጣ፣ ቀጥሎ ገመድ፣ ቀጥሎ ችካል። ሣራችን የት ሄደ ስንል ከተማ ሆነ ተባልን።»

ያን ጊዜ መስኩን እንደነሱ አየሁት። ከሣሩ በላይ ቀይ ጨርቅ ያሰሩ ችካሎች ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸው ሲባጎ ተወጥሯል። እኔ ነኝ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያደረግኋቸው።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉን» አልሁ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «መሬት ለካኪ አይደለንም። ተክል ፈልገን ነው የመጣን። እዚህ ረግረግ ውስጥ ነፍሳት የሚበላ ተክል አለ።»

 ከዚያ መኮትኮቻ የያዙ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሰማችሁ? መሬታችንን ሊበሉ መጥተው፣ የሚበላስ ሣራችሁ ነው ይሉናል!»

ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እኛንም እንዳይውጠን!» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ በዱላው አንዱን ችካል እየነቀነቀ።

«ንቀሉ» አሉ ሽማግሌው።

ነቀልሁ። ሴትዮዋ እየተከተሉኝ ችካሎቹን አንድ በአንድ ከእጄ ተቀብለው እንደ እንጨት አቀፏቸው። ስጎነበስ ብልቃጧ ደረቴን ትወጋኛለች። ክዳኗ በደንብ አልተዘጋም ኖሯል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከጎድኔ ወደ ወገቤ እየወረደ ነበር። ተክሏ ያለ ውኃ ስንት ጊዜ እንደምትቆይ አላውቅም፤ ሸሚዜ ላይ የሚታይ እርጥበት ይኑር አይኑርም አላውቅም።

«ከመሬቱ ያወጣችሁትስ?» አሉ ሽማግሌው።

ተመራቂዋ ቦርሳዋን ከፍታ አሳየች፤ ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ መቀስ። መምህራችን ግን ብልቃጧን ስትሰጠኝ ርቀው ስለነበሩ፣ «ምንም አላወጣንም» አሉ፤ ለእሳቸው እውነት ነበር። ሽማግሌው እሳቸውን አልፈው እኔን አዩኝ።

«አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?»

«ከሐሙሲት በኩል ነኝ፣ አባቴ።»

«እዚያ ክልክል አለ?»

«አለ።»

«ክልክል ገብቶ ያጨደ ምን ይሆናል?»

«ይካሳል።»

«አጭዶ የደበቀስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ከመስኩ ዕጣ ይወጣል፤ ልጁም ይወጣል። 

«እንግዲህ» አሉ፣ በዘንጋቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች እያመለከቱ፣ «ሚካኤል ይሰማሃል። ምንም የለም በለኝና ሂዱ።»

ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ቃል። ተመራቂዋ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ በዓይኗ ትለምነኛለች። የምትለምነኝም የማልፈልገውን አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ልረዳት ነው የመጣሁት። እናቷ ያሰፉት ቀሚስ ታየኝ። ሽማግሌው አልቸኮሉም፤ የሚሰማው ከሣሩ ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ነበር። እጄ ከእኔ ቀድሞ ወደ ኪሴ ገባ።

ብልቃጧን አወጣሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ፍሬሽ» አለች ተመራቂዋ።

ሽማግሌው ብልቃጧን ወደ ሰማይ አንስተው አዩ። «ይቺ ናት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ለዚች ነው ያ ሁሉ ችካል?» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ይኼኛው ሳቅ ትንሽ ለዘብ ያለ ነበር። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ከመሬቱ የወጣ ወደ መሬቱ ይመለሳል።»

ተመራቂዋ ራሷ ተንበርክካ መለሰቻት። ጭቃውን በጣቷ ደፈነችና ከዚያ ሳትነሳ ቆየች። መምህራችን ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ «አባባ፣ ይህች ልጅ ያለዚያች አበባ በዚህ ዓመት አትመረቅም። አገሯ ሩቅ ነው፤ ቤተሰቧ ይጠብቃታል» አሉ። ያን ቀን ከተናገሩት ሁሉ ሰዉ ያዳመጣቸው ይኼኔ ነው።

«እውነት ነው፣ ልጄ?» አሉ ሴትዮዋ።

«እናቴ ቀሚሴን አሰፍታለች» አለች ተመራቂዋ ወደ ጭቃው።

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። «ክልክል ለልጄም አይከፈት፤ ለእንግዳም አይከፈት» አሉ በመጨረሻ። «መስኩ የሚከፈተው የጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነው። ያኔ ዋስ ጠርታችሁ ግቡ። ዋስ አላችሁ?»

ሦስታችንም ዘመድ የሌለን አገር ነው። አንገታችንን ደፋን።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ።

ሽማግሌው ዞረው አዩዋቸው። «ለማን?»

«ለዚህ ልጅ። ለመምህሩም አይደለም፤ ለልጅቱም አይደለም። ኪሱን ለገለበጠው።» ያቀፏቸውን ችካሎች ከፍ አደረጉ። «እነዚህ እስኪመጣ መያዣ ይሁኑ።»

በሚኒባሱ ውስጥ፣ ከተማው ልንገባ ስንል ተመራቂዋ ሳታየኝ፣ «እስከዚያ አበባዋ አትቆይም» አለች። መምህራችን የንፋስ መከላከያውን መስታወት እያዩ፣ «ፍሬ ታፈራ ይሆናል፤ በፍሬዋም ትታወቃለች። እስከዚያ እንጠብቃለን» አሉ። ርዕስ ስለ መቀየር አላነሱም፤ ትቼዋለሁም አላሉም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረዘሙብኝ። ፀሐይ ሲበረታ አበባዋ ስትረግፍ ይታየኛል፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ ዘንጓ ስትሰበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን መንገዱ ነበር። በቀኑ መንገድ ተዘግቶ ብንቀር ለእኔ ብለው ዋስ የሆኑት ሴትዮ በአገራቸው ፊት ምን ይላሉ? ተመራቂዋ በመመገቢያ አዳራሽ ስታየኝ ትሪዋን ይዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ትሄዳለች። አልፈረድሁባትም።

በሚካኤል ማግስት መንገዱ ክፍት ሆነ። ስንደርስ ዕጣ ወጥቶ አልቆ፣ አጫጆች በመስኩ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ማጭዱ ሲሄድ ሣሩ እንደ ጨርቅ ይቀደዳል። ዋሴን በዓይኔ ፈለግሁ። ብቻቸውን መሃሉ ላይ፣ በረግረጉ ዳር ቆመዋል፤ በፊታቸው ያለው ሣር አልተነካም።

«ደረቅ ዕጣ ወጥቶላት ነበር» አሉኝ ሽማግሌው፤ በዚህ ጊዜ አስቀድመው እንዴት አደራችሁ ብለውናል። «ለውጣ ረግረጉን ወሰደች። ይህን ቄጠማ የትኛው ላም እንደሚበላላት እንጃ።»

ተመራቂዋ ይህን ሰማች። ወደ ሴትዮዋ ሄዳ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ከዚያ በሆዷ ተኛች። ያለ ሲባጎ፣ ያለ ችካል፣ በእጅ ብቻ ፈለግን። መስከረም ላይ ሁለቱ ወይን ጠጅ ነጥቦች የነበሩበት ቦታ ቡናማ ሆኗል። የጎረቤት አጫጆች ከሁለቱም ወገን እየቀረቡ ነው፤ እግራቸው ረግረጉን እየረገጠ ጭቃውን ያደፈርሰዋል። መምህራችን ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን መልሳ የተከለቻት ቦታ ላይ ደርሼ ጭቃውን ገለጥሁ፤ እሷ የለችም፣ በስብሳለች። ለመናገር አፌን ስከፍት ተመራቂዋ፣ «እንዳትንቀሳቀስ» አለች።

ከእጄ አጠገብ፣ ከሣሩ ጥላ ሥር፣ ቀጫጭን ዘንጎች ቆመው ነበር፤ ጫፋቸው ላይ ከጎመን ዘር የማይበልጡ ክብ ፍሬዎች። ከሁሉ ኋላ የቀረች አንዲት አበባም ነበረች፤ ዳርና ዳሯ ጠውልጓል፣ ቀንዷ ግን አለ። መምህራችን ተንበረከኩ፤ በማጉያው ለረጅም ጊዜ አዩ። «ፍሬም አበባም» አሉ። «ይበቃሻል። ከሚበቃም በላይ ነው።»

ተመራቂዋ ከነጭቃው አወጣቻት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው፣ «እስኪ፣ የሚበላው የታል?» አሉ። ማጉያውን ሰጠናቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መነጽሩን አራቁ፣ አቀረቡ፤ ድንገት ወደ ኋላ ብለው፣ «በላች! ሆዷ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ!» ብለው ጮሁ። ከዚያ ቀና ብለው ለአጫጆቹ በሙሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «እናንተዬ፣ እኛ ጽጌን እየጾምን እሷ አበባ ሆና ትበላለች!» አሉ። ማጭዱ ሁሉ ቆመ። ሽማግሌው እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ።

ተመራቂዋ ብልቃጧን ከደነችና ወደ እኔ ዘረጋቻት።

«ፍሬሽ፣ ያዝ» አለች። «በእጅህ።»

እስከ መንገዱ ድረስ በእጄ ይዣት ወረድሁ። ከመስኩ ስንወጣ መምህራችን መያዣው እንዲመለስልን ሊጠይቁ ዞር ሲሉ፣ ዳር ላይ ጥጆች ታስረው አየን። እያንዳንዱ ጥጃ የታሰረው በእኛ ችካል ነው፤ ቀዩ ጨርቅ አሁንም ጫፉ ላይ ነበር። አንዱ ጥጃ ጨርቁን በአፉ ይዞ ይጎትታል።

መምህራችን ጥቂት አዩና፣ «ይቅር» አሉ።